ከእታለም ጋር ኡራጓይ፣ ቀስ እያልን

ኡራጓይ ልንሄድ ነው ስንል ግማሹ ሰው "ፓራጓይ?" አለን፣ ግማሹ ደግሞ "እዛ ደሞ ምን አለ?" አለን። እውነቱን ለመናገር ብዙም የለም። ማቹ ፒቹ የለ፣ አማዞን የለ፣ የሀገሩ ትልቁ ተራራ 514 ሜትር ነው፣ እንጦጦ ቢሰማ ይስቃል። ያለው ሰው ነው፣ ያውም ወደ 3.5 ሚሊዮን ብቻ፣ እነሱም የሚቸኩሉበት ነገር ያላቸው አይመስሉም። እኔም የመረጥኩት ለዛ ነው። አብራኝ የሄደችው ታላቅ እህቴ እታለም ናት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ስንት ዓመት ሁለት ሥራ ስትሠራ ኖራ በቅርቡ ጡረታ የወጣች፣ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን የተደረገች፣ ዳገት ውጪ ብትሏት የማትወጣ፣ ሰው ካገኘች ግን ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ ብታወራ የማይደክማት። እኔ ጢሜ ሸብቶም እስካሁን "ማሙሽ" ነኝ ለሷ።

ለምትጠይቁኝ ሰዎች ቶሎ ልበለው፦ በአሜሪካ ፓስፖርት 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ቪዛ ቀድማችሁ መጨረስ አለባችሁ። ርካሽ ሀገር እንዳይመስላችሁ ደሞ፣ ከደቡብ አሜሪካ ውዶቹ ውስጥ ነው። አንድ ዶላር ወደ 40 ፔሶ ነበር። የሄድነው በፈረንጅ ጥቅምት መጨረሻ ነው (ከዚህ በታች ያለው ቀንም ዓመተ ምህረትም በሙሉ በፈረንጅ ነው)፣ እዛ ያኔ ጸደይ ነው፣ የበጋው ግርግር ሳይጀምር።

ሐሙስ

በአውሮፕላን ቀጥታ ዋና ከተማው ሞንቴቪዴኦ መግባት ይቻላል፣ እኛ ግን ቦነስ አይረስ ወርደን በጀልባ ተሻገርን። ጀልባ ስላችሁ መኪና ሁሉ የሚጭን ባለ ፎቅ ነገር ነው፣ ውስጡ ዲዩቲ ፍሪ ሱቅ አለው። ደስ ያለኝ ነገር ሁለቱም ኢሚግሬሽን ቦነስ አይረስ ወደቡ ላይ አንድ ቦታ መሆኑ፣ አርጀንቲናዊው ያስወጣችኋል አጠገቡ ያለው ኡራጓያዊ ያስገባችኋል፣ ማዶ ስትደርሱ ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ መውጣት ብቻ ነው። ጉዞው አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው።

ወንዙ ሪዮ ዴ ላ ፕላታ ይባላል፣ ውሃው ቡናማ፣ አፉ ላይ ስፋቱ 220 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እታለም መስኮት ዳር ተቀምጣ ብዙ ካየችው በኋላ

"ማሙሽ፣ ይሄ ወንዝ ነው ባህር?"

"ወንዝ ነው ይላሉ።"

"ታዲያ ማዶው የታለ?"

መልስ አልነበረኝም።

የደረስንባት ከተማ ኮሎኒያ ዴል ሳክራሜንቶ ናት። ፖርቹጋሎች በ1680 የቆረቆሯት፣ ሆን ብለው ከስፔኖቹ ቦነስ አይረስ ፊት ለፊት፣ ምክንያቱም ኮንትሮባንድ ለመነገድ ከዛ የተሻለ ቦታ የለም። ስፔንና ፖርቹጋል ወደ መቶ ዓመት ሲቀማሟት ኖረው በመጨረሻ በ1777 ለስፔን ቀረች። ስለዚህ አሮጌው ሰፈር ግማሹ የፖርቹጋል አሠራር ነው፣ ዝቅ ያለ የድንጋይ ቤት፣ መሃሉ ላይ ቦይ ያለው በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ፤ ግማሹ ደግሞ የስፔን። ዩኔስኮ በ1995 መዝግቦታል። የድንጋዩ ንጣፍ ለፎቶ ያምራል ለጉልበት ግን ጠላት ነው፣ እታለም ክንዴን ይዛ በሰዓት መቶ ሜትር ሄደን ይመስለኛል፣ ግን ማንም አልቀደመንም ብላችሁ ታምናላችሁ? የከተማው ሰውም እንደዛው ነው የሚሄደው።

ማታ ላይ ሁሉም ወደ ወንዙ ዳር ወረደ። ሽማግሌ፣ ጎረምሳ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ሁሉም ብብቱ ስር ቴርሞስ ይዟል። በአንድ እጅ ደግሞ ማቴ የሚሉት ሻይ መሰል የቅጠል መጠጥ ያለበት ቅል። በአንድ እጅ ስልክ፣ ቅልና የልጅ ጋሪ አንድ ላይ የያዘ ሰው አይቻለሁ፣ ቴርሞሱ ከብብቱ ንቅንቅ አላለም።

ዓርብ

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እታለም ረቡዕና ዓርብን ገድፋ አታውቅም። ከብቱ ወደ 12 ሚሊዮን፣ ለአንድ ሰው ከሦስት በላይ ላም በሚደርስበት ሀገር ዓርብ ጾም ነው ብሎ ምግብ ቤት መግባት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እኔ ስፓኒሽ የተማርኩት ሜሪላንድ ኪችን ውስጥ ከሳልቫዶሮች ጋር ስሠራ ነው፣ ስለዚህ ማስረዳት አላቃተኝም፣ ምንም እንኳን እነዚህኞቹ "ፕላያ" የምንለውን "ፕላሻ"፣ "ካዬ" የምንለውን "ካሼ" እያሉ መጀመሪያ ጆሮዬን ቢያደናግሩትም። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ አይብ የለ፣ እንቁላል የለ አልኩት። አስተናጋጁ አላዘነም አልሳቀም፣ ወንበር ስቦ አብሮን ተቀመጠና ማሰብ ጀመረ። ከዛ "ፒዛ" አለ።

አይብ አለው እኮ ስለው የለውም አለ። ለካ እዚህ ሀገር ዝም ብላችሁ ፒዛ ካላችሁ የሚመጣው ሊጥና የቲማቲም ስጎ ብቻ ነው፣ አይብ ከፈለጋችሁ "ሙሳሬላ" ብላችሁ ማዘዝ አለባችሁ። ያ ብቻ አይደለም፣ ከጎኑ ፋይና የሚባል ነገር አመጣ፣ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውሃ፣ ከዘይትና ከጨው የሚሠራ፣ ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ስስ ቂጣ። ከጣልያን ጄኖቫ ከመጡ ስደተኞች የተወረሰ ነው። ፋይናውን ፒዛው ላይ ጭነው ነው የሚበሉት፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ ነስንሰው። እታለም አንዴ ቆረሰችና "ሽሮ ነው እኮ!" ብላ ጮኸች፣ ጎን ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን፣ ምን እንዳለች ነገርኳቸው፣ ከዛ ኢትዮጵያ የት እንደሆነች፣ ከዛ ሽሮ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከዛ ቀኑ አለቀ። የጾም ነገር ከዚህ በኋላ አላስጨነቀንም።

ከሰዓት ጎልፍ ካርት ተከራየን፣ ኮሎኒያ ውስጥ ቱሪስቱ የሚነዳው እሱን ነው። እታለም ካልነዳሁ አለች፣ ነዳችም፣ ወንዙን ዳር ይዘን ሬያል ዴ ሳን ካርሎስ ድረስ፣ እዛ ትልቅ የበሬ ፍልሚያ ስታዲየም አለ። በ1910 ተከፈተ፣ በ1912 መንግሥት የበሬ ፍልሚያን ከለከለና ተዘጋ፣ ከዛ ከመቶ ዓመት በላይ ሲፈርስ ኖሮ በ2021 አድሰው ለኮንሰርትና ለዝግጅት ከፍተውታል። ለሁለት ዓመት ያ ሁሉ ግንብ። እታለም "በሬው ተረፈ ዋናው" አለች።

ቅዳሜ

ወደ ሞንቴቪዴኦ በአውቶቡስ፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሜዳ፣ ላም፣ ባህር ዛፍ፣ ላም። ላሞቹ ሁሉ ጆሯቸው ላይ ቢጫ ቁጥር አላቸው፣ ከ2006 ጀምሮ እያንዳንዱ ከብት በኤሌክትሮኒክስ መመዝገብ ግዴታ ነው፣ ሥጋውን ውጭ የሚገዛው ሰው ከየት እንደመጣ ማወቅ እንዲችል።

ዛሬ ጾም አይደለም እንግዲህ። ሻንጣችንን ጥለን ቀጥታ ሜርካዶ ዴል ፑዌርቶ፣ የወደቡ ገበያ። በ1868 የተከፈተ የብረት ጣራ ያለው አዳራሽ ነው፣ ድሮ አትክልትና ሥጋ ይሸጥበት የነበረ አሁን በሙሉ ጥብስ ቤት ሆኗል። ስለ ጥብሱ ትንሽ ላውራ ምክንያቱም ጥበብ ነው። ከሰል አይጠቀሙም፣ እንጨት ነው። ጎን ላይ የብረት ቅርጫት አለ፣ እንጨቱ እዛ ውስጥ ይነድና ፍሙ እየተሰበረ ወደ ታች ሲወርድ ጠባሹ በብረት መግፊያ እየጎተተ ከጥብሱ ስር ያስገባዋል፣ ፍርግርጉ ትንሽ ዘመም ያለ ስለሆነ ስቡ ወደ አንድ በኩል ይፈሳል፣ ነበልባል ሥጋውን አይነካውም። ቅመም የለም፣ ወፍራም ጨው ብቻ። ጠባሹ እየዞረ አያወራም፣ እሳቱን ያያል። እኔ በርበሬ ናፍቆኝ ነበር ልዋሽ አልችልም፣ እታለም ግን ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አወጣች። በርግጥ አወጣች። ጠባሹ ቀምሶ ዓይኑ እንባ ሞላና እንደገና ቀመሰ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቺቪቶ የሚባለው የሀገሩ ታዋቂ ሳንዱች ዋናው የበሬ ሥጋ ቢሆንም ውስጡ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል፣ ካም አለ ቤከን አለ። ካልፈለጋችሁ "ሲን ሃሞን፣ ሲን ፓንሴታ" በሉ፣ ያለ ምንም ቅሬታ ያወጡላችኋል። በውጭ ሀገር ካርድ ስትከፍሉ ደሞ የምግብ ቤቱ ቫት ሊቀነስላችሁ ይችላል፣ ሂሳቡ ላይ ፈትሹ።

እሁድ

ጠዋት ትሪስታን ናርቫሃ የሚባለው የእሁድ ገበያ። ከዋናው መንገድ ከ18 ዴ ሁሊዮ ተነስቶ ስንት ብሎክ ይሄዳል፣ ወደ ጎን መንገዶቹም ይገባል፣ ሰላጣ፣ አሮጌ መጽሐፍ፣ የተሰበረ ሰዓት፣ ዶሮ፣ ቁልፍ የሌለው ቁልፍ ጋን፣ ሁሉ አለ። ሜርካቶ ያደገ ሰው የሚገርመው ነገር ማንም "ና እዚህ፣ ና እዚህ" አይላችሁም። ሻጩ ማቴውን እየጠጣ ነው፣ ከገዛችሁ ይሸጣል። እታለም በዚህ ተናደደች፣ "ዋጋ የማይከራከር ሻጭ ምን ዓይነት ሻጭ ነው?"

እሁድ ስለሆነ ቤተክርስቲያን እንሳም አለች፣ አንድ የካቶሊክ ካቴድራል አገኘን፣ ገባን። ሰው ብዙ የለም። ይሄ ሀገር ሃይማኖትና መንግሥትን ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ለይቷል፣ ስቅለትና ፋሲካ ያለበት ሳምንት በካላንደሩ ላይ "የቱሪዝም ሳምንት" ነው የሚባለው፣ ገና ደግሞ "የቤተሰብ ቀን"። ይሄን ስነግራት ዝም ብላ አማተበች፣ ከዛ ለነሱም ሻማ አበራች።

ማታውን ግን አልረሳውም። ባሪዮ ሱርና ፓሌርሞ የሚባሉ ሰፈሮች አሉ፣ በባርነት ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች ዘሮች የኖሩባቸው። እሁድ ማታ መንገድ ዳር እሳት ይለኩሳሉ፣ ካርቶንና ወረቀት ነው የሚያነዱት፣ ከበሮዎቹን ዙሪያውን ያጋድሙና ቆዳው እስኪወጠር ያሞቁታል። ከዛ በትከሻቸው አንግተው እየሄዱ ይመታሉ፣ በአንድ እጅ ዱላ በአንድ እጅ መዳፍ። ካንዶምቤ ይባላል። ሦስት ዓይነት ከበሮ ነው፦ ቺኮ ትንሹ ሰዓቱን ይጠብቃል ምንም አይለዋውጥም፣ ፒያኖ ትልቁ ከስር ያጓራል፣ ሬፒኬ መሃል ላይ እንደፈለገው ይመልሳል ይጠይቃል። ሰው ከኋላና ከጎን ተከትሎ ይሄዳል፣ ሽማግሌ ከነቴርሞሱ፣ ውሻ፣ ብስክሌት። ትኬት የለ፣ መድረክ የለ።

አጠገቤ ሲሄድ የነበረ አንድ ትልቅ ሰው ታሪኩን ነገረኝ። ሜዲዮሙንዶ የሚባል ትልቅ የኪራይ ግቢ ነበር፣ የካንዶምቤ ቤት የነበረ፣ ወታደራዊው መንግሥት በ1978 ታህሳስ ወር ነዋሪውን አስወጥቶ አፈረሰው። ሰዎቹ የመጨረሻውን ከበሮ የመቱት በታህሳስ 3 ነበር፣ አሁን በፈረንጅ ታህሳስ 3 በሕግ የካንዶምቤና የአፍሪካ ዘር ኡራጓያውያን ባህል ብሔራዊ ቀን ነው። ከበሮውን ደግሞ ዩኔስኮ በ2009 መዘገበው። ማፍረሱም መመዝገቡም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ። "አፍሪካ ውስጥ ከየት ናችሁ?" አለኝ፣ ነገርኩት፣ "እኛ አናውቅም ከየት እንደሆንን" አለ፣ ቀልድ በሚመስል አነጋገር፣ ከዛ ለእታለም መንገድ አስከፈተላት ፊት ላይ ሆና እንድታይ። እሷም ትከሻዋን ትንሽ ነቅነቅ። ጉልበቷን ረሳችው።

ሰኞ

ዝናብ። ዝናብ ሲዘንብ እዚህ ሀገር ቶርታ ፍሪታ ይጠበሳል፣ ይሄ ሕግ የሆነ ነው የሚመስለው፣ ክብ ሊጥ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ያለው። ጎረቤት ሁሉ ይሸታል። ጾመኞች ልብ በሉ፣ ሊጡም ውስጥ መጥበሻውም ላይ የከብት ስብ አለበት፣ ሰኞ በመሆኑ ተረፍን።

ሲያባራ ስታዲዮ ሴንቴናሪዮ ሄድን፣ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ የተደረገበት። 1930፣ 13 ቡድን ብቻ፣ ሐምሌ 30 ፍጻሜ ኡራጓይ አርጀንቲናን 4 ለ 2። በየማን ኳስ እንጫወት ብለው ተጣልተው የመጀመሪያውን ግማሽ በአርጀንቲና ኳስ ሁለተኛውን በኡራጓይ ኳስ ነው የተጫወቱት፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሲያልቅ አርጀንቲና 2 ለ 1 ይመራ ነበር። ኳሱ ተቀየረ ነገሩም ተቀየረ።

አሁን የታክሲው ነገር። አፍሪካዊ ሆኖ ኡራጓይ ሄዶ ስለ አጥቂያቸው ስለ ሱዋሬዝ እጅ የማያነሳ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ሐምሌ 2 ቀን 2010፣ ጆሃንስበርግ፣ የዓለም ዋንጫ ላይ ከኡራጓይ ጋር፣ ጋና ግማሽ ፍጻሜ ሊገባ፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን ሊሆን፣ ጭማሪ ሰዓቱ ሊያልቅ፣ ኳሷ ልትገባ ስትል ሰውዬው በእጁ። እኔ ያኔ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ነበርኩ፣ የጋናው ጂያን ፔናሊቲውን ብረት ላይ ሲመታው ከጎኔ የነበረ የማላውቀው ሰው ትከሻዬ ላይ አለቀሰ። ይሄን ሁሉ ለሾፌሩ ነገርኩት። ሾፌሩ ታክሲውን ዳር ያዘና አቆመ። ተጣላን አልኩ። ዞሮ "ልክ ነህ፣ ለናንተ ያማል" አለኝ። ትንሽ ቆየና "ግን ወንድሜ፣ ቀይ ካርዱን በላ፣ ፔናሊቲው ተሰጣችሁ። ከዛ በላይ ምን እናድርግ?" እታለም ተርጉምልኝ አለች፣ ተረጎምኩላት፣ ፍርዱን ሰጠች፦ "ልጁ ሌባ ነው፣ ሰውዬው ግን እውነቱን ነው።" ይሄንንም ተረጎምኩለት። ሳቁ እስከ ፖሲቶስ ሰፈር አደረሰን፣ ሜትሩን ደሞ ሲቆም አጥፍቶት ነበር።

ማክሰኞ

የተከራየንበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ከታች ፎቅ ይኖራሉ። እታለም ጀበና፣ ሲኒና የተፈጨ ቡና ይዛ ነው የመጣችው (ሻንጣዋ ለምን እንደከበደኝ ያን ቀን ነው የገባኝ)። የሱፐርማርኬቱን ቡና ሞክራው ነበር፣ አብዛኛው በስኳር የተቆላ ነው፣ "ስኳር ቆልተው ቡና ይሉታል" ብላ ከዛ ወዲህ አልነካችም። ስለዚህ ሴትዮዋን ጠራቻቸው፣ ፈንዲሻ አለ፣ ዕጣን አልተገኘም። እሳቸው ደሞ ቴርሞሳቸውን ይዘው ወጡ። ሁለት ሴቶች፣ ሁለት መጠጥ፣ አንድ አስተርጓሚ።

ማቴ አንድ ቅል አንድ የብረት መምጠጫ ነው፣ የሚቀዳው ሰው አንድ ነው፣ እሱ ሞልቶ ይሰጣችኋል ትጨርሱና ትመልሳላችሁ፣ ለቀጣዩ ይሞላል። መምጠጫውን አታማስሉ። አመሰግናለሁ ካላችሁ በቃኝ ማለት ነው፣ እታለም በጨዋነት "ግራሲያስ" ብላ ሁለተኛው ዙር ዘለላት፣ ምክንያቱ ሲገባት ሦስተኛው ላይ አፏን ዘጋች። መራራ ነው፣ ስኳር የለውም። ሴትዮዋ በበኩላቸው አቦሉን ጠጥተው ሊሄዱ ተነሱ፣ እታለም እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ፣ ወዴት ነው?

በረካው ላይ ሙሂካ ተነሳ። ሆሴ ሙሂካ፣ ከ2010 እስከ 2015 ፕሬዚዳንት የነበረው፣ በወጣትነቱ ሽምቅ ተዋጊ ሆኖ ከ12 ዓመት በላይ የታሰረ፣ ቤተ መንግሥት አልገባም ብሎ እርሻው ላይ የኖረ፣ የ1987 ቮልስዋገን የሚነዳ፣ ግንቦት 2025 ላይ ሞተ፣ 90 ሊሞላው ሳምንት ሲቀረው። ሴትዮዋ "እኔ መርጬው አላውቅም" አሉ፣ "ሬሳው ሲያልፍ ግን ወጥቼ ቆምኩ።" እታለም ዝም ብላ ሰማች። ከዛ "ፕሬዚዳንት ሆኖ እቤቱ ሞተ?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ሲኒ ቀዳችላቸው።

ማታ ሦስታችንም ራምብላ ወጣን፣ ባህር ዳሩን ተከትሎ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ የእግር መንገድ ነው። ሴትዮዋ ለእታለም ተጣጣፊ ወንበር አመጡላት።

ረቡዕ 29

ፑንታ ዴል ኤስቴ። ሀብታም የሚዝናናበት ከተማ፣ ፎቅ ብቻ፣ ከወቅቱ ውጪ ባዶ። ከአሸዋው የሚወጡትን ጣቶች ፎቶ አነሳን፣ ቺሊያዊው ማሪዮ ኢራራሳባል በ1982 የሠራው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካሳፑዌብሎ የሚባል ሰዓሊው ካርሎስ ፓኤስ ቪላሮ በገዛ እጁ ለዓመታት የገነባው ነጭ ቤት አለ፣ ልጁ በ1972 አንዲስ ተራራ ላይ ከወደቀው አውሮፕላን ከተረፉት 16 ሰዎች አንዱ ነው። የተረፈውን ከተማ ለወደደ ሰው እተዋለሁ።

ማታ ግን፣ ወር በገባ በ29 ሁሉም ሰው ኞኪ ይበላል፣ የድንች ሊጥ ነገር፣ ሳህኑ ስር ብር ያስቀምጣሉ የሚቀጥለው ወር እንዲሞላላቸው። ደሞዝ ሊደርስ ሲል ኪስ ውስጥ የሚቀረው ድንችና ዱቄት ነው፣ ከዛ ነው የመጣው ይላሉ። ረቡዕ ነበር፣ ኞኪው እንቁላል አለበት፣ እታለም ሰላጣና የተጠበሰ ድንች በላች። ሃያ ዶላሯን ግን በኔ ሳህን ስር አስገባች። ሲያልቅ መልሳ ወሰደችው።

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ

ካቦ ፖሎኒዮ። ሮቻ ከተማ ላይ አውቶቡስ ቀይረን ሩታ 10 የሚባለው መንገድ ላይ ወረድን፣ ከዛ በኋላ የግል መኪና አይገባም፣ ከባባድ ባለ አራት ጎማ ጎታች ካሚዮን ናቸው ሰው የሚያስገቡት፣ 7 ኪሎ ሜትር በአሸዋ ክምር ላይ። ላይኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በየጉብታው ይነሳል ይወርዳል። እታለም ታች ሁኚ ስላት ላይ ወጣች፣ ሁለት የብራዚል ጎረምሶች በክንዷ ይዘው አወጧት፣ መንገዱን ሙሉ "በስመአብ" ስትል እነሱም አብረው "በስመአብ" እያሉ ይጮኻሉ።

መንደሩ የመብራት መስመርም የቧንቧ ውሃም የለውም፣ ከ2009 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። አንዳንዱ ቤት ሶላር አለው፣ ሌላው ሻማ። መንገድ የለ አጥር የለ፣ ቤቶቹ ሣር ላይ ተበትነዋል፣ በየመሃሉ ፈረስ ይግጣል። ከ1881 ጀምሮ ያለ የመርከብ መብራት ማማ አለ፣ ከሱ ስር ድንጋዮቹ ላይ የባህር አንበሶች ተጋድመዋል፣ ከማየታችሁ በፊት ይሸቷችኋል፣ ሌሊት ሲያገሱ ይሰማል። ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባንክ የለም።

ዓርብ የጾም ምግባችን ቡንዌሎ ነበር፣ ከባህር አረም የሚሠራ ጥብስ ነው፣ የሮቻ ጠረፍ ምግብ፣ ያረፍንበት ቤት ልጅ እንቁላሉን ትቶ በቢራና በዱቄት አቦካላት። ከዛ ከቡቲያ ፍሬ የተሠራ ማርማላታ፣ የአካባቢው ዘንባባ ፍሬ ነው፣ ብርቱካናማ፣ ኮምጠጥ ያለ። ሌላ ምንም አላደረግንም። በእውነት ምንም። ልጁ ዓሣ ነባሪ በዚህ ሰሞን ያልፋል ብሎን ስለነበር ባህሩን ስናይ ዋልን፣ አላለፈም፣ ማንም ቅር አላለውም።

እሁድ

ፑንታ ዴል ዲያብሎ፣ የሰይጣን ጫፍ እንደማለት ነው፣ ስሟን እታለም ሰምታ ልታልፋት ነበር። የአሣ አጥማጆች መንደር ነበረች አሁን የሰርፍ ልጆች ሞልተዋታል። አጠገቧ ሳንታ ቴሬሳ የሚባል ትልቅ ፓርክ አለ፣ የሚያስተዳድረው መከላከያው ነው፣ ምሽጉን ፖርቹጋሎች በ1762 ጀመሩት ስፔኖቹ ቀሙና ጨረሱት። የዚህ ሀገር ታሪክ ባጭሩ አንዱ ይጀምራል ሌላው ይቀማል ነው።

ሰኞ

የመጨረሻው ጫፍ ቹይ። አንድ ሰፊ መንገድ አለ፣ አንዱ ዳር ኡራጓይ ሌላው ዳር ብራዚል። መንገድ መሻገር ነው፣ ማንም ምንም አይጠይቃችሁም፣ ኬላዎቹ ከከተማው ውጪ ናቸው። ወደ ብራዚል ዘልቃችሁ የምትቀጥሉ ከሆነ ግን ማህተማችሁን ኬላዎቹ ላይ ማስመታት አለባችሁ፣ አውቶቡሱ ዝም ብሎ እንዳያልፍ ለሾፌሩ ቀድማችሁ ንገሩ። በኡራጓይ በኩል ዲዩቲ ፍሪ ሱቆች፣ በብራዚል በኩል ርካሽ ነገር ሁሉ። እታለም በመጨረሻ ዋጋ የሚከራከር ሻጭ አገኘች፣ ብራዚል በኩል፣ እሷ በአማርኛ እሱ በፖርቹጊዝ፣ በጣቶቻቸው እየቆጠሩ፣ አንድ ፌስታል ሙሉ ማንጎ በግማሽ ዋጋ።

ችግሩ ከዛ መጣ። ወደ ሞንቴቪዴኦ 340 ኪሎ ሜትር ነው፣ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠን ስንነሳ ጎናችን ያለ ሰውዬ ፌስታሉን አየና ፍራፍሬ በኬላ አያሳልፉም፣ ይወስዱታል አለ። ተረጎምኩላት።

"ስንት ደቂቃ ነው ኬላው?"

"ቅርብ ነው።"

"ቢላ ጠይቅልኝ።"

ሰውዬው ከኪሱ አወጣ። ፊት ያለችው ሴትዮም አወጣች። እታለም ትቆርጣለች፣ እኔ አከፋፍላለሁ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሾፌሩም አንድ ቁራጭ ደረሰው፣ ቀስ ብሎ ይነዳ ጀመር ልበል? ተቆጣጣሪው ሲገባ አውቶቡሱ በሙሉ አፉን እየጠረገ ነበር። ወደ ውስጥ አየ፣ ሸተተው፣ ፍራፍሬ የያዘ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰም። እታለም የተበላውን ማንጎ ፍሬ አንድ ባንድ ሰብስባ የያዘችበትን ፌስታል ከፍ አድርጋ አሳየችው፣ ፍሬ ብቻ፣ ማንጎ የለም። ፌስታሉን ተቀበላትና ወረደ።